ሊሾው ላይ የቀረ እግር

በዚህ ዕድሜ ሰው ከተማውን የሚያውቀው በሽንት ቤቶቿ ነው። አትሳቁ፤ ዕድሜ ከሰጣችሁ እናንተም ትደርሱበታላችሁ። ጎልማሳ ሳለሁ ድሬን የማውቃት በሻሂ ቤቶቿና በዛፎቿ ጥላ ነበር፤ ዛሬ ከቤት ስወጣ መጀመሪያ የማስበው የትኛው ቤት ሳይገላምጠኝ ያስገባኛል የሚለውን ነው። ባለፈው ሰሞን ከዚራ ሰፈር ውስጥ፣ ዛፎቹ ከግራና ከቀኝ ተቃቅፈው መንገዱን በሚያጠሉበት በኩል፣ አዲስ የተከፈተ ካፌ ገባሁ። ማኪያቶ አዘዝኩ፤ ማኪያቶው ለሰበብ ነው። ዋጋውን ሳይ ድሮ በዚህ ብር ክርስትና ይደገስበት ነበር ብዬ ለብቻዬ ሳቅሁና ወደ ጓሮ ሄድኩ። ነጭ ታይልስ፣ ነጭ ግድግዳ፣ እጅ ሲያዩ ራሳቸው ውሃ የሚለቁ ቧንቧዎች። የጽዳቷ ልጅ ወለሉን ወልውላ ገና መውጣቷ ነበር። የተጠቀመችበት ነገር ሎሚ ሎሚ ይላል፤ የእውነት ሎሚ አይደለም፣ ከፋብሪካ የመጣ ሎሚ ነው። ቢሆንም ሽታው አፍንጫዬ ሲገባ ግድግዳውን ተደገፍኩ። ሰው በሎሚ ሽታ ይሞታል ቢሉኝ ያን ዕለት አምን ነበር።

ካፌው ካፌ ከመሆኑ በፊት የባቡር ሠራተኞች የሚዝናኑበት ክበብ ነበር። እኔም የክበቡ የጽዳትና የጥገና ሠራተኛ ነበርኩ። አምፖል ሲቃጠል መኮንን፣ በር ሲጮህ መኮንን፣ ቧንቧ ሲያለቅስ መኮንን። ማታ ማታ ሙቀቱ በረድ ሲል ከጋራዥ የሚመጡት ባለሙያዎች የማይለቀውን የባቡር ቅባት በቤንዚን ፍቀው፣ ነጭ ሸሚዝ ለብሰው ብቅ ይላሉ። ነጭ ሸሚዝ፣ ከጉልበት በታች እንደ ጃንጥላ የሚከፈት ሱሪ፣ የኋላ ኪስ ውስጥ ጫፏ የምትታይ ማበጠሪያ። የመጋላ ሰፈር ሰዎች በሽርጥ ይመጣሉ፤ ያውም በካውያ የተተኮሰ ሽርጥ። ትኬት ቆራጮቹ ቆባቸውን እንዳደረጉ «ቦንዡር!» እያሉ ይገባሉ፤ ቢመሽም ባይመሽም ቦንዡር ነው። ጓሮው ላይ ቡል የሚሉት የብረት ኳስ ይወረወራል፣ በረንዳው ላይ ካርታ ይመታል። ሳምቡሳ በአሥር ሳንቲም፣ ሻሂ በወተት በአሥራ አምስት ነበር፤ ቢራውን ተዉት፣ ዛሬ ብነግራችሁ ውሸታም ትሉኛላችሁ። ራዲዮው በሱዳን ዘፈን ይጀምርና ወደ ሶማሌ ይሻገራል፣ ኦሮምኛ ይጨመርበታል፣ በመጨረሻ ማሲንቆ ያለበት ሲመጣ ደገኞቹ አንገታቸውን ይደፋሉ። ቀይረው የሚል አልነበረም። አንዱ ሰው በሦስት ቋንቋ ተሳድቦ በአራተኛው ሲታረቅ ያየሁት እዚያ በረንዳ ላይ ነው።

ታዲያ የጠጣ ሁሉ ይሸናል፤ የኔም እንጀራ እዚያ ላይ ነበር። ሦስት የቁም መሽኛዎች ነበሩን፤ ፈረንጅ የተከላቸው ወፋፍራም ሸክላዎች። ሸክላዎቹ ምንም አይላቸውም። የሚያሳዝነው ከሥራቸው ያለው ወለል ነበር። ሽንት ሲሚንቶ ይበላል። መጀመሪያ ያደበዝዘዋል፣ ቀጥሎ ይፈረፍረዋል፣ ከዚያ ውስጥ ገብቶ ይተኛል፤ አንዴ ከተኛ በኋላ ብታጥበውም ይስቅብሃል። በዚያ ላይ የድሬ ውሃ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ድንጋይ የሚያበቅል ውሃ ነው፤ ከሽንቱ ጋር ተባብሮ በቢላ የማይነሳ ቢጫ ቅርፊት ይሠራል። ሰዎቹም አይጠጉም። ሱሪው ሰፊ የሆነው እንዳይረጨው ወደ ኋላ ይላል፤ ሽርጥ የለበሰው ጫፉ እንዳይነካበት ወደ ኋላ ይላል፤ የሰከረው ደግሞ የት እንደቆመም አያውቅም። ንጹሕ ልሁን ያለ ሁሉ ወለሉን ሲያቆሽሽብኝ ይውላል። «እባክዎ ጠጋ ይበሉ» ብዬ በቀይ ቀለም ግድግዳው ላይ ጻፍኩ። በማግሥቱ አንዱ ከሥሩ «ወደ ማን?» ብሎ ጽፎበት አገኘሁ።

እጅ አልሰጠሁም። ከባቡር ጋራዡ አናጢዎች ሰጋቱራ በጆንያ አመጣና ጠዋት ጠዋት ከመሽኛዎቹ ሥር እበትናለሁ፤ እርጥቡን ሲጠጣ ጠርጌ አወጣዋለሁ። ከቡና ቤቱ ተጨምቀው የሚጣሉትን ሎሚዎች ለቅሜ ቅርፊቱን በነሱ አሻለሁ፤ ሎሚ ያን ቢጫ ድንጋይ እንደሚያቀልጠው የትኛውም ሳሙና አያቀልጠውም። ማታ የሚቆሙበት ላይ ጆንያ አነጥፋለሁ፤ አንዱ ሲነጠፍ ሌላው ታጥቦ ጓሮ ግድግዳ ላይ ይደርቃል። የድሬ ፀሐይ እግዜር ይስጣት፣ ሽታን አርቃ የምትቀብር እሷ ናት። የክበቡ ዘበኛ ሙሜ፣ የመልካ ጀብዱ ሰው፣ የልብ ወዳጄ ነበር፤ ጆንያዎቼ ተሰጥተው ሲያይ አያልፈኝም። «አቦ መኬ፣ የሚስትህን ልብስ እንዲህ አጥበህላት ታውቃለህ?» ይለኛል። ነፍሱን ይማረውና አሁን የለም። ብዙዎቹ የሉም።

የልጄ ነገር የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ሰለሞን ይባላል፤ ድሬ ግን ሙሉ ስም መጥራት ይደክማታልና ሶሎ አለችው። እኔና አስካለ የወለድነው አንድ እሱን ብቻ ነው። ትምህርቱን ጨርሶ ከግንበኞች ጋር ይሠራ ነበር፤ የልስን ማንኪያና ውሃ ልክ እጁ ላይ ያምራሉ። ከሥራ ሲወጣ ደቻቱ ይወርዳል፤ ወንዙ ደረቅ ሲሆን ያ ሁሉ አሸዋ የከተማው የኳስ ሜዳ ነው። ጫማ አድርጎ መጫወት አይወድም። ማታ እግሩ አሸዋ እንደያዘ ቤት ሲገባ እናቱ «እዚያው በር ላይ!» ትልና ራሷ በሳፋ ታጥበዋለች፤ ጢም ያወጣ ጎረምሳ እግሩን ለናቱ ዘርግቶ ይስቃል። የግራ እግሩ ትንሿ ጣት ጎረቤቷ ላይ ወጥታ የምትተኛ ጣት ነበረች። የአስካለም እንዲሁ ናት። በዘሬ የገባ ነው ትላለች፤ ስትኮራበት ነው።

አንድ ቀን ክበቡ ወለሉን እንድናድስ ሲሚንቶ ፈቀደልን። ሶሎን ይዤው ሄድኩ። የተበላውን ቆፍረን አወጣን፣ ወለሉን ወደ ማፍሰሻው ዘንበል አድርገን ሞላንና ሶሎ ላዩን በሲሚንቶ አለስልሶ ሊሾ አደረገው። ያን ሊሾ ብታዩት ፊታችሁን ታዩበት ነበር። ከዚያ ቁጢጥ ብሎ ግድግዳው ላይ ያለውን ጽሑፌን አየና ሳቀ።

«አባዬ፣ ሰው ጽሑፍ አይሰማም» አለኝ። «እግር ግን እግር ይከተላል።»

ምን ማለትህ ነው ሳልለው ጫማውን አወለቀ። ሊሾው ገና አልጠነከረም። መሽኛው ሥር ሊነካው እስኪደርስ ተጠግቶ፣ ሰው ቢቆም መልካም በሆነበት ቦታ፣ ሁለት እግሩን አስገብቶ ቆመ። ቀስ ብሎ ወጣና ጠርዙን በማንኪያው አለሰለሰው። ለሦስቱም እንዲሁ አደረገ። እኔማ ጮኼበታለሁ፤ እንደ መስተዋት የሠራነውን ወለል አበላሸኸው ብዬ። ሊሾው ደርቆ ክበቡ ሲከፈት ግን ያየሁትን አላመንኩም። የገባው ሁሉ ወለሉን ያያል፣ እግሩን አሻራው ላይ ያደርጋል፣ ይጠጋል። ሽርጥ የለበሰውም፣ ሰፊ ሱሪውም፣ ሰካራሙም። ሰካራሙ እንዲያውም እግሩን ለማስገባት ሲጠነቀቅ ስካሩ ይለቀዋል። ሙሜ በሩ ላይ ቆሞ እያየ ራሱን ነቀነቀ።

«ወላሂ መኬ፣ ይሄ ልጅህ ድሬን በሙሉ አሰለፋት» አለ።

ወጣት የሚታፈስበት ዘመን ነበር። ስለዚያ ዘመን አዋቂዎቹ ብዙ ጽፈዋል፤ እኔ የማውቀው ልጆች ቤታቸው ማደር እንደተዉ፣ እናቶችም በር ሲንኳኳ ልባቸው እንደሚወርድ ነው። ደቻቱ ላይ ኳስ ተጫዋች እያነሰ ሄደ። አንድ ቡድን ለመሙላት ሰው ሲጠፋ ሶሎም ስለ መውጣት ማሰብ ጀመረ። አንድ ጠዋት ጆንያዎቼን እያነሳሁ ሳለ ሽንት ቤቱ ድረስ መጣ። አዲስ የኮንትሮባንድ ሸራ ጫማ አድርጓል፣ በእጁ ትንሽ ሻንጣ ይዟል። ከመስኮቱ ሥር ባለው በሦስተኛው መሽኛ ላይ ቆሞ የራሱን እግር ሊረግጥ ቢሞክር ጫማው አልገባ አለው።

«በጫማ እምቢ አለኝ» ብሎ ሳቀ። ከዚያ ሳቁን አቆመ። «አባዬ፣ ለጅቡቲ አትክልት በሚጭነው ባቡር ነው የምሄደው። የሚያሻግረኝ ሰው ይዤአለሁ። ለእማዬ ነግሬያታለሁ፤ አታስለቅሳት።»

ሰው ለእንዲህ ያለ ጊዜ ቃል ያዘጋጃል መሰላችሁ? እኔ የያዝኩት እርጥብ ጆንያ ነበር። ጆንያውን ሳልጥል በአንድ እጄ አቀፍኩት። በር ላይ ደርሶ ዘወር አለና ሊሾውን በአገጩ አሳየኝ።

«አደራ፣ እስክመለስ ማንም እንዳያበላሽብኝ።»

ለቀልድ ነው ያለው። ከሱ የቀረኝ የመጨረሻ ቃል ግን ያ ሆነ፤ እናም አደራ አደራ ነው።

መጀመሪያ ወሬው ደህና ነበር። አንዱ ባቡር ነጂ ጅቡቲ ወደብ ላይ ጆንያ ሲሸከም አየሁት አለን። ቆይቶ ሌላው ጀልባ ላይ ሲሳፈር አየሁት አለ። የጀልባውን ወሬ ደግሞ የሚቀጥልልን ጠፋ። ከዚያ ወዲያ ዝም። ደብዳቤ የለ፣ ሰላምታ የለ፣ ክፉም የለ፣ ደግም የለ። አስካለ ባቡር በጮኸ ቁጥር ነጠላዋን ጣል አድርጋ ለገሃር ትሄዳለች፤ ተሳፋሪው ወርዶ እስኪያልቅ ትቆምና ተመልሳ ሥራዋን ትይዛለች። በር ላይ ያቺ ሳፋ ሁልጊዜ ውሃ አላት። ከመንገድ የሚመጣ ሰው እግሩ ይታጠባል፤ ሌላ ምንም አትልም። የእድር ሰዎች ከዓመታት በኋላ በጨዋ ቋንቋ ነገሩን ሊያነሱ መጡ፤ ድንኳን እንጣል፣ ሕዝቡ ያልቅስላችሁ አሉ። አስካለ ብድግ አለች።

«መርዶ ያልመጣለት ሰው አይለቀስም» አለቻቸው። «መርዶ ነጋሪ ይሄን በር እስኪያንኳኳ ነጠላዬን አላዘቀዝቅም።» ሻሂ ቀድታ አጠጥታ ሸኘቻቸው።

እኔ ግን የማለቅስበት ቦታ ነበረኝ። ጠዋት ክበቡ ሳይከፈት፣ ሎሚዬን ይዤ፣ በጉልበቴ ተንበርክኬ የልጄን እግሮች አጥብ ነበር። ተረከዙን፣ መዳፉን፣ ያቺን ጎረቤቷ ላይ የተኛች ጣቱን። ወለል ሲያጥብ የሚያለቅስ ሰው ማንም አይጠረጥርም፤ ሎሚውም ዓይን ያቃጥላል። ቀን ሰው ሲቆምበት በሩ አጠገብ እቆምና ጠብታ ያረፈ እንደሆነ ሰውየው ዚፑን ሳይዘጋ ጨርቄን ይዤ እደርሳለሁ። ሌሎቹ ይስቃሉ፤ «የመሽኛው ሚኒስትር» የሚል ስም አወጡልኝ። ሙሜ ብቻ ያውቅ ነበርና አንድም ቀን አልሳቀም። ዓመት በዓል ላይ ፈቃድ ስወጣ በሦስተኛው ላይ ጆንያ ደርቦ ድንጋይ ይጭንበትና «ተበላሽቷል» ብሎ ይመልሳቸው ነበር። አንድ ጊዜ ቧንቧ ፈንድቶ የመጀመሪያውና የሁለተኛው ወለል ሲቆፈር እግሮቹ አብረው ሄዱ። በመስኮቱ በኩል ያለው ብቻ ቀረ። አስካለ ስለዚህ ነገር የተናገረችው አንድ ጊዜ ነው። ጀርባዋን ሰጥታኝ ሽንኩርት እየከተፈች «የልጄ እግር ላይ ሰው ይሸናል አሉ» አለች። «አንድ ጠብታ አድሮበት አያውቅም» አልኳት። ዞራ አላየችኝም። ሴት ወንዶች ሽንት ቤት አትገባም፤ ስለዚህ አይታው አታውቅም ነበር።

ከዚያ ባቡሩ ቆመ። ያደግንበት፣ ሰዓታችንን የምንሞላበት ፉጨት አንድ ቀን ቀረ፤ ሐዲዱ ላይ ፍየሎች መተኛት ጀመሩ። አስካለም ለገሃር መሄዷን ተወች፣ ሳፋዋን ግን አልደፋችም። ክበቡ ሰው እያጣ፣ ቀለሙ እየተላጠ ሄዶ ተዘጋ። እኔም ጡረታ ወጣሁ። ሙሜ ቁልፉን ይዞ ስለነበር እሱ እስኪሞት ድረስ ገብቼ አጥበው ነበር፤ እሱ ከሞተ በኋላ በመስኮቱ እያየሁ እመለሳለሁ። አሁን አዲስ ባቡር አለ ይላሉ፣ ጣቢያው ከከተማው ራቅ ብሎ። የሰፈሬ ልጆች ጠዋት በሰርቪስ ወደ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ሲሄዱ አያለሁ፤ ሶሎ በነሱ ዕድሜ እንደቆመ ነው። ቢኖር ፀጉሩ ሸብቶ ነበር። የሸበተ ሶሎ ላስብ እሞክርና አይመጣልኝም።

ዘንድሮ በመስኮቱ ሳይ ውስጡ ሰው አየሁ። ቤቱን ካፌ ሊያደርጉት ተከራይተውት ኖሯል። የድሮዎቹ መሽኛዎች ተነቅለው ጓሮ ተጥለዋል፤ ኢብሳ የሚባል ታይልስ ነጣፊ ወለሉን እየጠረገ ነው። ሮጬ ገባሁ፤ መሮጥ ካላችሁት። ወለሉን አሳየሁትና የሆነውን ሁሉ ነገርኩት። ድሬ ለሽማግሌም «አንተ» ነው የምትለው፤ ልጁ ግን የሚናገረው እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ነበር።

«አባባ፣ እኔ እንዳልነካው ብተወው ውሃ ይተኛበታል፣ ባለቤቶቹም አይቀበሉኝም» አለኝ። «ቆይ፣ በግራይንደር ቆርጬ ባወጣልህስ?»

እስቲ ሞክረው አልኩት። ዳር ላይ ሞከረው። ማሽኑ ገና ሲነካው ሊሾው እንደ ደረቅ ዳቦ ተሰነጠቀ፤ ከሥሩ ድንጋይና አፈር ብቻ ነው። ኢብሳ ማሽኑን አጠፋና አቧራውን ከቅንድቡ ጠረገ።

«ወላሂ አባባ፣ ከነካሁት ይፈርሳል። ወይ ይፈርሳል፣ ወይ ይሸፈናል። እኔ ሌላውን ጎን እያነጠፍኩ ነገ ድረስ እጠብቅሃለሁ፤ ሂድና ከቤተሰብህ ተማከር።»

ወደ ቤት ስሄድ ያሰብኩት አንድ ነገር ነው፤ ባለቤቶቹን እግራቸው ላይ ወድቄም ቢሆን አስተዋቸዋለሁ። እስክመለስ ብሎኛል። ሲመጣ ምኑን ነው የማሳየው? ለአስካለ ነገርኳት። ሰማችኝና በማግሥቱ ጠዋት የቤተ ክርስቲያን ነጠላዋን ለብሳ በር ላይ ቆማ አገኘኋት። «ባጃጅ ጥራ» አለችኝ።

ኢብሳ ሠራተኞቹን ሁሉ አስወጣላት። ክንዴን ይዛ የወንዶቹን ሽንት ቤት ደፍ ስትሻገር፣ በዚያ ዕድሜዋ፣ እንደ ልጃገረድ ፊቷን ሸፈነች። ከዚያ አየችው። ግድግዳውን ይዛ ቀስ እያለች ወረደችና በመዳፏ ዳበሰችው፤ ተረከዙን፣ መሐሉን፣ ጣቶቹን አንድ በአንድ። ትንሿ ጣት ላይ ስትደርስ እጇ ቆመ። ጫማዋን አወለቀችና ያረጀ እግሯን ከጎኑ አሳየችኝ፤ ያቺው ጣት፣ ጎረቤቷ ላይ የተኛች።

«በምን ነበር የምታጥበው?» አለችኝ።

«በሎሚ።»

ኢብሳ ራሱ ሮጦ ሎሚና አንድ ባልዲ ውሃ አመጣ። አጠበችው። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ያጠብኩት ወለል ነበር፤ እሷ ያጠበችው እግር ነው። በጣቶቹ መሐል እየገባች፣ ተረከዙን እያሸች፣ የደቻቱን አሸዋ እንደምታስለቅቅ፣ እያባበለች አጠበችው። «ቆየህ» ትለዋለች። «ቆየህብኝ እኮ።» ስትጨርስ በነጠላዋ ጥለት አደረቀችው። ቀና ብላ ስታየኝ ዓይኗ ውስጥ ቁጣ ነበር።

«አንተ እዚህ እየመጣህ ስታለቅስ ኖረሃል» አለችኝ። «እኔ የት ላልቅስ?»

ነጠላዋን ገልብጣ አዘቀዘቀች። ያን ሁሉ ዓመት የታፈነ ጩኸት ከዚያች ትንሽ ሴት ውስጥ ሲወጣ አዲሱ የታይልስ ግድግዳ መልሶ አስተጋባው፤ መንገድ ላይ ያሉ ባጃጆች ቆሙ አሉኝ። ደረቷን እየመታች ስሙን ሙሉ ጠራችው፤ ሰለሞን፣ ሰለሞኔ። ሲደክማት ወደ ኢብሳ ዞረች።

«ይሸፈን፣ ልጄ» አለችው።

«አስካለ» አልኩ። «አደራ ብሎኛል። እስክመለስ ብሎኛል።»

«ጠብቀህለታል» አለችኝ፤ አሁን ድምፅዋ ለስልሶ ነበር። «ይበቃል። ቆሞ ደከመው። ይረፍ።»

በሩ አጠገብ የአሸዋ ጆንያ ነበር፤ ከደቻቱ የመጣ አሸዋ። አንድ እፍኝ ዘገነችና አፈር እንደሚለብስ ሟች ግራ እግሩ ላይ ጣል አደረገች። እኔ ቀኙ ላይ። እጄ እንዴት እንደታዘዘልኝ አላውቅም፤ እጄን እንደዚያ ቀን ጠልቼው አላውቅም። ኢብሳ ኮፍያውን አውልቆ መዳፎቹን ዘረጋና በከንፈሩ ዱአ አደረገ። ከዚያ ተንበርክኮ ሲሚንቶውን በማንኪያው ሞላ፣ ውሃ ልኩን አየ፣ ነጩን ታይልስ አስቀመጠና በእጁ ቀስ አድርጎ መታ መታ አደረገው። እድሩ በዚያው ቀን ድንኳን ጣለልን። ወጣቶቹ ማን እንደሞተ ሳያውቁ መጥተው አለቀሱ፤ ሽማግሌዎቹ ደግሞ ስለ ደቻቱ ኳስ አወሩ። ማታ ስንገባ አስካለ በር ላይ ያለችውን ሳፋ አንስታ ውሃዋን አበባው ሥር ደፋች። ግድግዳው ላይ ገልብጣ ስታስደግፋት ቆሜ አየሁ፤ ከዚያ ወዲያ ያች በር ባዶ ናት።

እንግዲህ ባለፈው ሰሞን ማኪያቶ አዝዤ የገባሁት እዚያ ነው። ከግድግዳው ላይ ሦስት አዳዲስ መሽኛዎች በድሮዎቹ ቦታ ተሰቅለዋል። የተደገፍኩትን ግድግዳ ለቅቄ ከበሩ አጠገብ ወዳለው ሄድኩ፤ ሰው ይዞታል። መካከለኛውም ተይዟል። ቆሜ ጠበቅሁ። ከኋላዬ ስልኩን የሚነካካ አንድ ልጅ መጣና የመስኮቱን በኩል አየ፤ ከሥሩ ነጩ ታይልስ ደርቆ ያበራል።

«አባባ፣ ያኛው ባዶ ነው እኮ፣ ግባ» አለኝ።

«ሰው አለበት» አልኩት።